ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ! (አዲስ መኪና ልትገዙ ያሰባችሁም ይህን ሳታነቡ እንዳትሄዱ)

ይህን ምስጋና መጻፍ የነበረብኝ ከሦስት ወር በፊት ነው። ያኔ ግን መኪናው አዲስ፣ እኔም ደስታ ያሰከረኝ ስለነበርኩ የምጽፈው ሁሉ ማር ማር ይል ነበር። ትንሽ ልንዳው፣ ትንሽም ልማረርበት ብዬ ቆየሁ። አሁን የመጀመሪያውን ሰርቪስ አስደርጌ መመለሴ ነው። ምሬቱ እስካሁን አልመጣም፣ ስለዚህ ልጻፍ።

የማመሰግናቸው ሰው መኪና ሻጭ አይደሉም። ዕድሜያቸውን መኪና ሥር ተኝተው የጨረሱ መካኒክ ናቸው። የድሮዋን ትንሽ አውቶሞቢሌን ለዓመታት እያስታመሙ ያቆዩልኝም እሳቸው ናቸው። ወገባቸው እምቢ ሲላቸው መፍቻውን ለልጆቹ አስረከቡና አሁን መኪና ሊገዛ የሚሄድ ሰው አብረው እየሄዱ ያማክራሉ። የሚከፈላቸው በሰዓት ነው፣ የሚከፍላቸውም ገዢው ብቻ። የመጀመሪያው ቀን ከሁሉ ያስቀደሙት ይህንኑ ነው፦ «ከሻጭ ሰባራ ሳንቲም ከተቀበልኩ ካንቺ ጋር መቆሜ ቀረ።»

ስማቸውን ልጻፍ ብዬ አስፈቅጄ ነበር። «ከጻፍሽው ሁለተኛ ስልክሽን አላነሳም» አሉኝ። ስለዚህ እዚህ ጋሼ ብቻ ናቸው። የምታውቁኝ ደውሉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። የማታውቁኝ ደግሞ ያደረጉልኝን ላውራችሁና እንዲህ የሚያደርግ ሰው እናንተም ፈልጉ።

እሳቸው ጋ ከመድረሴ በፊት ሁለት ወር ሙሉ ቪዲዮ ሳይ ከርሜያለሁ። ደብተር ነበረኝ፤ ዘጠኝ መኪና በሠንጠረዥ። የፈረስ ጉልበት፣ የስክሪን ስፋት፣ የስፒከር ብዛት። ራቭ ፎር አለ፣ ሲአርቪ አለ፣ ፎረስተር፣ ቱሳን፣ ስፖርቴጅ፣ ቲጓን፣ ሲኤክስ ፋይቭ... ሁሉም አምስት ሰው ይይዛል፣ ሁሉም ከመሬት ከፍ ይላል፣ ሁሉም ከፊት ሲያዩት የተቆጣ ይመስላል። ሠንጠረዡ በሞላ ቁጥር እኔ ይበልጥ ግራ ገባኝ።

ደብተሬን ዘርግቼ ስጠብቃቸው ዘወር ብለው እንኳ አላዩትም። ቁጭ አሉና ጥያቄ ጀመሩ። ኋላ ወንበር የሚቀመጠው ማነው? ልጆቹ ስንት ዓመታቸው ነው? እናትሽ ጉልበታቸውን ያማቸዋል? በሳምንት ስንት ቀን ከአስፋልት ትወጫለሽ? ሻንጣ የሚያነሳው ማነው? የምታቆሚበት ቦታ ላይ በር በደንብ ይከፈታል? ስለ ሞተር አንድም ጥያቄ የለም። እኔማ ሰውየው የመጣንበትን ረሱት እንዴ ብዬ ነበር።

ሲጨርሱ «በይ ምን ልትገዢ እንደሆነ ልንገርሽ» አሉ። «የጫካ መኪና እንዳይመስልሽ። ተረከዝ ያለው ጫማ ያደረገ አውቶሞቢል ነው የምትገዢው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የድሮዎቹ ከፍ ያሉ መኪኖች አካላቸው ለብቻ፣ ሻንሲያቸው ለብቻ ነበር፤ ልክ እንደ ጭነት መኪና መሰላል በመሰለ ብረት ላይ የተቀመጡ። ክሮስኦቨር የሚባለው ግን እንደ አውቶሞቢል አካሉና ሻንሲው አንድ ወጥ ነው። ቶዮታ ራቭ ፎርን እ.ኤ.አ. በ1994 ሲያወጣ በዚህ መንገድ ነው የሠራው። በ1995 ሆንዳ ሲአርቪን፣ በ1997 ሱባሩ ፎረስተርን አስከተሉ፣ ከዚያ በኋላማ ያልተከተለ የለም። ስለዚህ ምቾቱም፣ የነዳጅ ፍጆታውም፣ ኩርባ ላይ ያለው ጠባዩም ወደ አውቶሞቢል ያደላል። ከፍታው ለመውጣት ለመውረድ፣ መንገዱን አሻግሮ ለማየት፣ ሻካራ መንገድም ለማለፍ ይረዳል። ድንጋያማ ወንዝ ውስጥ ግን አይገባበትም።

ደብተሬ ላይ አንደኛ ተራ የያዘው «አራቱም ጎማ የሚነዳ» የሚል ነበር።

«ለምን ፈለግሽው?»

«ለደኅንነት ነዋ ጋሼ።»

ሳቁ። ከዚያ እንደ ልጅ አስረዱኝ። ፍሬን በማንኛውም መኪና አራቱንም ጎማ ነው የሚይዘው። አራቱም ጎማ መንዳቱ የሚያንሸራትት ቦታ ላይ ለመነሳት ይረዳል፣ ለመቆም ግን ምንም አይጨምርም። የሚያቆመው ጎማው ራሱ ነው። እንደ ሱባሩ ሁልጊዜ አራቱንም የሚያነዱ አሉ፣ አብዛኞቹ ግን በደህናው ጊዜ የሚሄዱት በፊት ጎማ ሆኖ የኋላው የሚያግዘው ፊተኛው መንሸራተት ሲጀምር ነው። ለዚያች ቅጽበት ሲባል ተጨማሪ ዘንግ፣ ተጨማሪ ዲፈረንሻል (ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለው ማርሽ)፣ ተጨማሪ ክብደት፣ የሚቀየር ተጨማሪ ዘይት ይዞ መዞር ማለት ነው። አንዱ ጎማ ተቀዶ አዲስ ቢገባ ደግሞ ከሌሎቹ ጋር ልዩነቱ ከበዛ ለሲስተሙ ጥሩ አይደለም፣ ሌሎቹንም ለመቀየር ትገደዳላችሁ።

አያስፈልግም ማለታቸው አይደለም። ጭቃ፣ በረዶ ወይም ቀጥ ያለ ኮረኮንች የየቀኑ ኑሮው የሆነ ሰው ይግዛው፤ አንዱን ደንበኛቸውን ያለሱ እንዳትገዛ ብለው ያስገዙትም ራሳቸው ናቸው። እኔ ግን በዓመት ሁለት ቀን ለማገኘው ጭቃ ነበር ዓመቱን ሙሉ ልከፍል የነበረው። ሰረዝነው።

ቀጥሎ የቸርኬው ጉዳይ መጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ተጣልተናል።

እኔ ልቤ ያረፈው 19 ቁጥር ቸርኬ ያለው ላይ ነበር። ያምራል፣ መቼም አይካድም። ጋሼ እስክሪብቶ ተቀበሉኝና ደብተሬ ጀርባ ላይ (ለመጀመሪያ ጊዜ ደብተሬ ለቁም ነገር ዋለ) ሁለት የጎማ ልክ ጻፉ፦ 225/65 አር 17 እና 235/55 አር 19። ሁለቱም የዚሁ መጠን መኪኖች ላይ የሚገኙ ናቸው። የመጀመሪያው ቁጥር የጎማው ወርድ ነው፣ በሚሊሜትር። ሁለተኛው የጎኑ ከፍታ ከወርዱ ስንት በመቶ እንደሆነ ይናገራል። የመጨረሻው የቸርኬው ልክ ነው፣ በኢንች። «በይ አስሊው» አሉኝ። የ225 ስልሳ አምስት በመቶ 146 ሚሊሜትር ግድም ነው። የ235 ሃምሳ አምስት በመቶ ደግሞ 129። እንግዲህ በቸርኬውና በጉድጓዱ መሀል ቆሞ ዱላውን የሚቀበለው ላስቲክና አየር በ17 ሚሊሜትር ያንሳል ማለት ነው።

አላመንኩም፤ አንድ ሴንቲሜትር ተኩል ምን ያመጣል አልኩ። ያንኑ መኪና በሁለቱም ቸርኬ እናስነዳለን ብለው አንዱን የፈራረሰ መንገድ ሁለት ጊዜ አመላለሱኝ። በ17ቱ ጎበጥ ብሎ አለፈ። በ19ኙ እያንዳንዷን ስንጥቅ በመቀመጫዬ ቆጠርኳት። ጎማው ሲያልቅ ደግሞ የትልቁ ዋጋ ይወደዳል፣ ጉድጓድ ሲያገኝም ቸርኬው ቶሎ ይጣመማል። ከሁሉ የገረመኝ ግን ሻጩ ይህን ሁሉ እያወቀ አንዲት ቃል አለመናገሩ ነው። ቸርኬው የሚመጣው ከውዱ ደረጃ ጋር ነዋ!

በጠቅላላው ሦስት መሸጫ ሄድን። የመጀመሪያው ቦታ ሻጩ ገና ሰላም ብሎን ሳይጨርስ «በወር ስንት ብትከፍይ ይመችሻል?» አለኝ። ልመልስ አፌን ስከፍት ጋሼ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ። ውጭ ስንወጣ ነው የነገሩኝ። በወር ስንት ተብሎ ከተጀመረ ወሩን በማብዛት ማንኛውንም ዋጋ ትንሽ ማስመሰል ይቻላል። ጠቅላላው ስንት ነው፣ ወለዱ ስንት ነው፣ መጨረሻ ላይ ከኪሴ የሚወጣው ድምር ስንት ነው፣ በዚህ ቅደም ተከተል ጠይቂ አሉኝ። ሁለተኛው ቦታ ላይ ይህን በራሴ አፍ ስጠይቅ የሻጩ ፊት ሲለዋወጥ አየሁ፣ ደስም አለኝ፣ አልዋሽም።

ሁልጊዜ የሚዞሩት አንድ ያረጀ የሕፃን ወንበር ይዘው ነው። ልጅ የላቸውም እንዳይመስላችሁ፣ የልጅ ልጅ አይተዋል፤ ወንበሩ ግን የሥራ ዕቃቸው ነው። እያንዳንዱ መኪና ላይ ኋላ ወንበር እኔው ራሴ እንድገጥመው አደረጉኝ። የአይሶፊክስ መያዣው (የሕፃን ወንበር የሚቆለፍበት ብረት) አንዱ ጋ ፊት ለፊት ይታያል፣ ሌላው ጋ ስፖንጅ ውስጥ ተቀብሮ ጥፍሬን ሰብሬ ነው ያገኘሁት። ወንበሩ ፊቱን ወደ ኋላ አድርጎ ሲታሰር ደግሞ ከፊቱ ያለውን የተሳፋሪ ወንበር ምን ያህል ወደፊት እንደሚገፋው ታያላችሁ። በቪዲዮ ስወደው የከረምኩት መኪና እዚህ ላይ ነው የወደቀው፤ ባለቤቴ ጉልበቱ ዳሽቦርዱን ነካ። በዘጠኝ መኪና ሠንጠረዤ ላይ «የባል ጉልበት» የሚል ዓምድ አልነበረም።

እኔን ደግሞ መሪውንና ወንበሩን በልኬ ካስተካከልኩ በኋላ ወርጄ ከራሴ ወንበር ጀርባ እንድቀመጥ አዘዙኝ። እናቴን ይዘናት የሄድን ቀን ሦስት ጊዜ አስገብተው አስወጧት። እሷ ምንም አልከፋትም፤ እንዲያውም አሁንም ድረስ «ያ ጨዋ ሰውዬ» ነው የምትላቸው።

ኋላ ያለውን የዕቃ ቦታ በሊትር አትመኑ። አንዱ እስከ መሸፈኛው፣ ሌላው እስከ ጣሪያው ይለካል። አውሮፓ ውስጥ በብዛት የሚሠራበት አለካክ እያንዳንዳቸው አንድ ሊትር የሆኑ፣ 20 በ10 በ5 ሴንቲሜትር የሚሆኑ ጡቦችን በመደርደር ነው። ጡብ ደግሞ በየጥጋጥጉ ይገባል፣ የልጅ ጋሪ አይገባም። ስለዚህ ጋሪያችሁን ይዛችሁ ሂዱ። እኛ ይዘን ሄደን፣ በቁጥር ትልቁ የተባለው ላይ ጋሪው በአግድም እምቢ አለ፤ የጎማ ቤቱ ጎኑን በልቶበታል።

ከዚያ ወለሉን አነሱት። ስኮርታ የለም! በምትኩ አንዲት ትንሽ ፓምፕና አንድ ጠርሙስ ማሸጊያ ፈሳሽ። ሚስማር ለወጋው ይሆናል፣ ጎኑ ለተቀደደ ጎማ ግን አይረዳም። ሌላው ጋ ቀጭኗ ጊዜያዊ ስኮርታ ነበረች፣ በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ አትንዱብኝ የምትለው። እኔ በሕይወቴ አዲስ መኪና ስኮርታ ላይኖረው ይችላል ብዬ አስቤ አላውቅም። እናንተስ?

ስንነዳ ደግሞ መጀመሪያ ኮፈኑን በመዳፋቸው ነኩ። ትኩስ ነበር። «ሲቀዘቅዝ እንመለሳለን» ብለው ይዘውኝ ወጡ። አዲስ መኪና ምኑ ያስፈራል ብል «ጠዋት ጠዋት የምትሰሚው ድምፅ ሲቀዘቅዝ ያለውን ነው፣ ሳትሰሚው ትገዢዋለሽ?» አሉኝ። ተመልሰን ስንገባ ሬዲዮውን አጠፉ። ትንሽ እንደሄድን «ኤሲውን ቀንሺ» አሉ። ስክሪኑ ላይ ስፈልግ፣ አንዱን ስነካ ሌላው ሲከፈት፣ ቀና ስል ከመስመሬ ወጥቻለሁ። ምንም አላሉም። የሚቀጥለው መኪና የሚዞር ቁልፍ ነበረው፣ ሳላይ ቀነስኩት። በነገራችን ላይ የመኪኖችን ደኅንነት የሚፈትነው ዩሮ ኤንካፕም እ.ኤ.አ. ከ2026 ጀምሮ ፍሬቻን፣ የዝናብ መጥረጊያን፣ ክላክስን ለመሳሰሉት በእጅ የሚጫን ወይም የሚዞር ቁልፍ ላላቸው መኪኖች ነጥብ እንደሚሰጥ አስታውቋል። የዚሁ ድርጅት ኮከብ ሲነገራችሁ ደግሞ የተፈተነበትን ዓመት ጠይቁ። ፈተናው በየጊዜው ስለሚከብድ የድሮ አምስት ኮከብና የአሁን አምስት ኮከብ እኩል አይደሉም።

ካምቢዮው ላይ ብዙ አላቆይም። ሲቪቲ የሚባለው ጥርስ ባለው ማርሽ ፋንታ በሁለት ፑሊዎች መሀል በሚሮጥ ቀበቶ ወይም ሰንሰለት ነው የሚሠራው፤ ለስላሳ ነው፣ ነዳጅ በኃይል ሲረገጥ ግን ጩኸቱ ቀድሞ ፍጥነቱ ይከተላል። ጋሼ አይጠሉትም። «ዘይቱ ዕድሜ ልክ አይቀየርም» ሲባሉ ግን «የማን ዕድሜ?» ብለው ይጠይቃሉ።

በመጨረሻ የገዛሁት ሃይብሪድ ነው፣ በነዳጅም በኤሌክትሪክም የሚሄድ። የፊት ጎማ የሚነዳው፣ መካከለኛው ደረጃ፣ 17 ቁጥር ቸርኬ። ስሙን አልነግራችሁም፣ ከነገርኳችሁ ምስጋናው ይቀርና የደጋፊዎች ጭቅጭቅ ይጀመራል። ሃይብሪዱን ያስመረጠኝ የማሽከረክርበት መንገድ ቆም ሂድ የሚበዛበት መሆኑ ነው። ፍሬን ሲያዝ በሙቀት የሚባክነውን ጉልበት ከፊሉን ወደ ባትሪው ይመልሳል፣ ስለዚህ ጥቅሙ በግልጽ የሚታየው እንዲህ ባለው መንገድ ላይ ነው። ረጅምና ፈጣን መንገድ ብቻ ለሚነዳ ልዩነቱ ይጠባል። ሌላ ማንም ያልነገረኝ ነገር፦ አንዳንድ ሃይብሪዶች ኋላ ወንበር አካባቢ ባትሪው የሚተነፍስበት ወንፊት አላቸው። ልጆቼ የመጀመሪያው ሳምንት ሹራባቸውን ወትፈውበት አገኘሁ። ጋሼ ባያሳዩኝ ኖሮ መኖሩንም አላውቅም።

ፊርማው ቀን ሌላ ዝርዝር መጣ። የቀለም መከላከያ፣ የወንበር ጨርቅ መከላከያ፣ የተራዘመ ዋስትና፣ ሌላም ሌላም። ጋሼ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራቸው፦ ይህ ዋስትና የፋብሪካው ዋስትና የማይሸፍነውን ምን ይሸፍናል? ሻጩ ሊጠይቅ ገባና ቆየ። ግማሹን ሰረዝን። ይህን ስል ሻጩ ክፉ ሰው ነበር ማለቴ አይደለም፤ ሦስተኛው መሸጫ ያገኘነው ልጅ ጨዋ ነበር፣ ጥያቄ ሲበዛበትም አልተናደደም። ሥራው መሸጥ ነው፣ የጋሼ ሥራ ደግሞ ሌላ።

የርክክቡን ቀን ቀጠሮ ወደ አመሻሽ አድርገውልን ነበር። ጋሼ እምቢ አሉ። በማታ አይረከቡም፣ በዝናብም አይረከቡም፣ ውኃ የነካው ቀለም ጭረት ይደብቃል። ጠዋት ሄድን፣ ቁጭ ብድግ እያሉ ዙሪያውን የእጅ ባትሪ አበሩበት። የሻንሲውን 17 ፊደልና ቁጥር ወረቀቱ ላይ ካለው ጋር አንድ በአንድ አነበቡ። ጎማው ጎን ላይ ዶት ከሚለው ቀጥሎ መጨረሻ ያሉትን አራት ቁጥሮች አሳዩኝ፤ 2324 የሚል ከሆነ እ.ኤ.አ. በ2024 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ከዚያ የጎማ አየር መለኪያቸውን አወጡ። አራቱም በሹፌሩ በር በኩል ከተለጠፈው ልክ እጅግ በላይ ተነፍተዋል። ለማጓጓዝ ሲባል አብዝተው ይነፉታል፣ ከማስረከባቸው በፊት ማስተንፈስ ነበረባቸው። ተፈትሿል ተብሎ የተፈረመበት ወረቀት እጄ ላይ ነበር! የኋላው ፓራውልት አንድ ጥግም በደንብ አልገባም፣ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ነበረው። ልጁ ይቅርታ ጠይቆ ሁለቱንም እዚያው አስተካከለ። እኔ ብቻዬን ብሆን ሪባኑን አይቼ፣ ፎቶ ተነስቼ፣ እየነጠርኩ ቤቴ እገባ ነበር።

አሁን ድክመታቸውን ልናገር፣ ካልተናገርኩ ማስታወቂያ ይመስላል። ጋሼ ሰዓት አያከብሩም፤ ሦስቴ ተቀጣጥረን ሦስቴም አርፍደዋል (የሚያስከፍሉት ግን ከደረሱበት ሰዓት ነው፣ ይህን አልክድም)። ሻጭ ላይ አንዳንዴ ይጮኻሉ፣ እኔም ተሳቅቄያለሁ። ስልክ ከመኪናው ጋር ስለማገናኘት፣ ካርታ ስለሚያሳየው ስክሪን ምንም አትጠይቋቸው፣ «ልጅሽን ጠይቂ» ነው የሚሏችሁ። ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ ስለሚሄዱትም ብዙ ማውራት አይወዱም፤ እሱን የሚፈልግ ሰው ሌላ አማካሪ ያስፈልገዋል። ቀለም ላይ ደግሞ ነጭ ነጭ ብለው ሞገቱኝ፣ እኔ ሰማያዊ ገዛሁ፣ ትክክል ነበርኩ።

ከገዛን በኋላም አልተዉንም። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ነዳጅ እስከ ጥግ እንዳልረግጥ፣ ፍሬን በድንገት እንዳልይዝ፣ በአንድ ፍጥነት ብቻ ረጅም መንገድ እንዳልሄድ እየደወሉ ያስታውሱኝ ነበር። ለዚህ አላስከፈሉኝም። ላስገድዳቸው ብል «ስልኩን የደወልኩት እኔ ነኝ» አሉ።

ጋሼ፣ ከልቤ አመሰግናለሁ። እናቴም ሰላም ብላዎታለች። ያ የሕፃን ወንበር ደግሞ እኔ መኪና ውስጥ ነው የቀረው፤ ከርክክቡ ቀን ጀምሮ ትንሹ ልጄ ተቀምጦበት አልወርድም ብሏል። ለሚቀጥለው ደንበኛ ስለሚያስፈልግዎት ቅዳሜ አመጣዋለሁ። በሰዓቱ ይገኙ እንግዲህ!